ለቤት አኳሪየም ብርሃን ስንመርጥ፦ መስኮት፣ የቤት አምፖል ወይስ የኮራል መብራት?

እንግዳ ቤቴ ሲመጣ በፊት በፊት የሚጠይቀኝ ስለ ዓሣዎቹ አልነበረም። «ይኼ ሰማያዊ መብራት ምንድነው? ጭፈራ ቤት አስመሰልከው እኮ!» ነበር የሚለኝ። መብራቱ አሁን ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ አልጋ ሥር ነው ያለው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አዲስ አበባ ለሥራ ሄጄ አንድ ሱቅ ገባሁ። «ለአኳሪየም የሚሆን ጥሩ መብራት አለህ?» አልኩት ሻጩን። «ጋሼ፣ ይኼ ነው ምርጡ። የአኳሪየም መብራት ሁሉም አንድ ነው» አለኝ። ከፍዬ ባሕር ዳር ድረስ በጭኔ ላይ አቅፌ መጣሁ። ለካ መብራቱ ለኮራል የተሠራ ነው። ኮራል ደግሞ የጨው ባሕር ፍጥረት ነው። ከተማችን ስሟ ባሕር ዳር ይሁን እንጂ ጣና ጨው የለውም፤ የኔ አኳሪየም፣ ማለትም የመስታወት የዓሣ ሳጥኔ ውስጥ ያለውም የቧንቧ ውሃ፣ ጥቂት ዓሣና ቅጠላ ቅጠል ብቻ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ ቅጠሉ ሁሉ አረንጓዴ ፀጉር አበቀለ። አልጌ ነው፤ በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ያሉን።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው እንደኔ ተክል ያለበት የጣፋጭ ውሃ፣ ማለትም ጨው የሌለው ውሃ አኳሪየም ላይ ነው። ግን የኮራሉንም ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ኢንተርኔት ላይ ስለ አኳሪየም ብርሃን ከሚወራው ግማሹ ስለ ኮራል ነው። ሳይለዩ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው እንደኔ የሚከስሩት።

መጀመሪያ መለኪያው

አምፖል ስንገዛ ዋት እናያለን። ዋት የሚነግረን የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። ሉመንና ሉክስ ደግሞ ብርሃኑ ለሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚታይ ነው የሚለኩት። ተክልም ኮራልም የኛ ዓይን የላቸውም። ለእነሱ የሚሆነው መለኪያ ፓር ይባላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሴኮንድ የሚያርፈውንና ተክል ምግቡን ለመሥራት የሚጠቀምበትን ብርሃን ይቆጥራል። መስፈሪያው ማይክሮሞል ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፤ ቁጥሩን ብቻ ያዙ።

ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የሚያገኘው ወደ 2000 ይጠጋል። ማታ በአንድ አምፖል የበራ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ሳሎኑ ለኛ ብሩህ ነው፤ ለተክል ጨለማ ነው። «ክፍሉ እኮ መብራት አለው» ብለው ሳጥኑን ጥግ ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች ተክላቸው ለምን እንደሚሞት የማይገባቸው ለዚህ ነው።

የፓር መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው፤ አትግዙት። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች የብርሃን መለኪያ አላቸው። የሉክስ መተግበሪያ በነፃ ታወርዳላችሁ። ሳጥኑ ባዶ እያለ ስልኩን ወለሉ ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት። የሚያሳየውን ሉክስ ለ70 አካፍሉ። ለነጭ ኤልኢዲ ይህ ስሌት በግምት ፓሩን ይሰጣል። 2100 ሉክስ ካሳያችሁ 30 ፓር አካባቢ ነው ማለት ነው። ለሰማያዊ የኮራል መብራት ግን ይህ አይሠራም። ሉክስ ሰማያዊን አሳንሶ ነው የሚቆጥረው። የኔም ስህተት የጀመረው እዚያ ነው፤ ለዓይኔ ደብዘዝ ስላለብኝ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት።

ማን ምን ያህል ይፈልጋል?

ዝቅተኛ ብርሃን የምንለው ተክሉ ባለበት ቦታ ላይ ከ15 እስከ 30 ፓር ነው። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ሞስና አብዛኛው ክሪፕቶኮሪን በዚህ ይኖራሉ። እድገታቸው ቀስ ያለ ነው፤ አንዳንዱ በወር አንድ ቅጠል ቢያወጣ ነው። ትዕግሥት ላለው ሰው ግን እነዚህ ናቸው ወርቅ።

መካከለኛው ከ30 እስከ 60 አካባቢ ነው። ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንዎርትና ቶሎ ቶሎ የሚያድጉ ግንዳም ተክሎች እዚህ ደስ ይላቸዋል። በየሁለት ሳምንቱ መቀስ ያስፈልጋችኋል።

ከፍተኛው ከ80 በላይ ነው። ደማቅ ቀይ ቅጠል ያላቸውና ወለሉ ላይ እንደ ሣር የሚነጠፉት ይህን ይወዳሉ። ፎቶ ላይ ልብ የሚሰርቁት እነሱ ናቸው። ቤት ውስጥ ግን ከባድ ሥራ ናቸው፤ ምክንያቱን ወዲያው እነግራችኋለሁ።

ኮራል ጋ ስንሄድ መሰላሉ ይረዝማል። እንጉዳይ የሚመስሉትና ሌሎች ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 100 ይበቃቸዋል። ድንጋያማ ሆነው ትልልቅ አፍ ያላቸው ከ75 እስከ 150 ይፈልጋሉ። ድንጋያማ ሆነው ትንንሽ አፍ ያላቸውና እንደ ቅርንጫፍ የሚያድጉት ደግሞ ከ200 እስከ 350 ድረስ ይሄዳሉ። ልብ በሉ። ለኮራል «መጠነኛ» የሚባለው ብርሃን ለኔ ክሪፕቶኮሪን ከበቂ በላይ ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ያለኝ ይህን ሁሉ ነበር።

ብርሃን ሲበዛ ለምን አይሻልም?

ድስት በሦስት ጉልቻ ነው የሚቆመው። ለውሃ ውስጥ ተክል ሦስቱ ጉልቻዎች ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ ናቸው። አንዱን ብቻ ብታስረዝሙት ድስቱ ይደፋል። ብርሃን ስንጨምር ተክሉ ቶሎ ለማደግ ይነሣል፤ ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ጥቂት ነው። ያን ጨርሶ ሲቆም የተረፈውን ብርሃን የሚወስደው አልጌ ነው። አልጌ በትንሽ ነገር ይኖራል፤ አይመርጥም።

ከፍተኛ ብርሃን የሚጠቀሙ ሰዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር ውሃው ውስጥ ይለቃሉ፤ በየሳምንቱም ማዳበሪያ ይጨምራሉ። እኔ እነዚህን አላደርግም። እናንተም ጀማሪ ከሆናችሁ የምታደርጉት አይመስለኝም። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ሲሊንደር ከሌላችሁ ከ50 ፓር አትለፉ። ሌላ አዲስ መብራት ቢገዛ፣ ከዚያም ሌላ ቢገዛ፣ ነገሩ ያው ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

ጣናን ራሱን ተመልከቱ። ሐይቁ በአማካይ 8 ሜትር፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጥልቅ አይደለም። ግን ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚባሉት ወንዞች በክረምት ደለል ይዘው ይገባሉ፤ ውሃው ቡናማ ይሆናል። ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ብርሃን ሩቅ አይወርድም። ለዚህ ነው ሥር ሰድዶ የሚበቅለው ተክል ዳር ዳሩን የሚይዘው። መሐሉ ላይ ያለው ዓሣ ያለ ደማቅ ብርሃን ነው የሚኖረው። አምባዛማ ጨርሶ ጨለማ ወዳጅ ነው። ለዓሣ ብላችሁ መብራት የምታበዙ ካላችሁ፣ ዓሣው አልጠየቃችሁም።

መስኮት፦ በነፃ የሚገኘው

ባሕር ዳር ፀሐይ አትጎድልባትም። እና የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ሳጥኑን መስኮት ሥር ማድረግ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ሽምብጥ ሰፈር ተከራይቼ እኖር በነበረበት ጊዜ ሳሎኑ ወደ ምሥራቅ የሚከፈት ሰፊ መስኮት ነበረው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ውሃው ውስጥ ስትገባ የሚያምር ነገር ነበር። ከዚያ ሚያዝያ መጣ። ቴርሞሜትሩ ረፋድ ላይ 33 ዲግሪ አሳየኝ። ዓሣዎቹ ሁሉ ላይኛው ውሃ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ።

ይህ ዝም ብሎ የሙቀት ነገር ብቻ አይደለም። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ላይ ነን። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃችን መያዝ የሚችለው ኦክስጅን በዚያው ሙቀት ካለው የባሕር ጠለል ውሃ ወደ 20 በመቶ ያህል ያንሳል። የውጭ አገር መመሪያ «30 ዲግሪ ድረስ ችግር የለውም» ሲል የሚያወራው ስለ ራሱ አገር ውሃ ነው።

ሌላው የመስኮት ችግር መቆጣጠር አለመቻሉ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ከ1000 ፓር በላይ ናት። ደመና ሲመጣ ወደ 100 ትወርዳለች። ወራቱም ይለዋወጣሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል የምታልፍ ይመስለዋል። ባሕር ዳር ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በትንሹ ወደ ሰሜን ታደላለች። በሌላው ጊዜ ወደ ደቡብ። ስለዚህ በታኅሣሥ ጥላ የነበረው የሰሜን መስኮት በግንቦት ፀሐይ ሊገባበት ይችላል። ሳጥኑን ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ መስኮቱን ተመልከቱ ብዬ አላስቸግራችሁም። ግን ይህን ዕወቁት።

የቀኑ ርዝመት ግን እዚህ ያን ያህል አያስቸግርም። ረጅሙ ቀን በሰኔ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ አጭሩ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ታዲያ መስኮት ጨርሶ አይሆንም? ይሆናል። ብርሃኑ ይግባ፣ ፀሐይዋ ግን አትግባ። ቀጥታ ፀሐይ ከማይገባበት መስኮት አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቀን ላይ ስልኩን አስቀምጡ። ከ1000 እስከ 2000 ሉክስ ካሳየ ዝቅተኛውን ደረጃ በነፃ አገኛችሁ ማለት ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ለማኖር ይበቃል። ስስ ነጭ መጋረጃም ይረዳል። ትንሽ ማሰሮ የሚያህል ብርጭቆ ውስጥ ሞስ ብቻ ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ከ20 ሊትር በታች የሆነ ሳጥን ግን ፀሐይ አጠገብ አታድርጉ። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል።

የቤት አምፖል፦ የኔ ምርጫ

ከየትኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የምትገዙት ተራ ኤልኢዲ አምፖል ተክል ያሳድጋል። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ተክል ግን የአምፖሉን ማስታወቂያ አያነብም።

ስትገዙ የአምፖሉ ካርቶን ላይ ሉመን የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። 9 ዋት አምፖል ወደ 800 ሉመን ይሰጣል። «ዴይላይት» ወይም 6500 የሚለው ነጭ ብርሃን ነው። «ዋርም» የሚለው ወደ ቢጫ ያደላል። ተክሉ በሁለቱም ያድጋል። በቢጫው ግን ውሃው የሻይ ቀለም ይመስላችኋል። ምርጫው የዓይናችሁ ነው።

አንድ እንዲህ ያለ አምፖል ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ብቻውን ሲበራ ከሥሩ ወደ 20 ፓር ያወርዳል። ከኋላው አንጸባራቂ ነገር ካለ ከዚያ ይበልጣል። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው፣ 60 ሊትር ገደማ ለሚይዝ ሳጥን እኔ ሁለት አምፖል ነው የምጠቀመው። ተማሪዎች የሚገዙት፣ አንገቱ የሚተጣጠፍ የጥናት መብራት ለዚህ ተስማሚ ነው። ጠረጴዛ ላይ ይቆነጥጣል፣ ከፍም ዝቅም ይላል። የብርሃኑን መጠን የምትቆጣጠሩት በከፍታው ነው። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ከ20 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ሌላ መብራት እንደመግዛት ነው።

ወጪው? ሁለት 9 ዋት አምፖሎች በቀን 7 ሰዓት ቢበሩ በወር 4 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞሉም። ያ የኮራል መብራት 100 ዋት ቢሆንና በቀን 10 ሰዓት ቢበራ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም። ሶኬታችን 220 ቮልት ነው፤ ከውሃ በላይ ነው የምናንጠለጥለው። ሳጥኑ የመስታወት ክዳን ይኑረው። አምፖሉ ውሃ ውስጥ ሊወድቅ በሚችልበት ሁኔታ አታስሩት። ሽቦው ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። እንዲህ ሲሆን በሽቦው ላይ የሚንሸራተት ውሃ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ማከፋፈያውን ወለል ላይ፣ ከሳጥኑ ሥር ማድረግ ደግሞ የለመድነው መጥፎ ልማድ ነው። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ንቀሉ።

ፍሎረሰንትና ለአኳሪየም የተሠራ ኤልኢዲ

ረጅሙ ፍሎረሰንት ቤት ካላችሁ ተጠቀሙበት። አዲስ ግን አትግዙ። ብርሃኑ ከጊዜ ጋር እየደከመ ይሄዳል፤ ዓይን አያስተውለውም። ውስጡም ሜርኩሪ አለ፤ ውሃው ላይ ቢሰበር ጣጣ ነው።

ለጣፋጭ ውሃ ተክል የተሠራው ኤልኢዲ ከቤት አምፖል በሁለት ነገር ይበልጣል። ብርሃኑን በርዝመቱ እኩል ያዳርሳል፤ ከርጥበትም የተጠበቀ ነው። ሳጥናችሁ ከ90 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ወይም ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቅ ከሆነ እሱን ግዙ፤ በአምፖል መታገል ይሰለቻል። ከዚያ ላነሰ ሳጥን ግን ገንዘባችሁን ለጥሩ ፊልተር አውሉት። ስትገዙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ብርሃኑ ይቀነሳል ወይ? የማይቀነስ ጠንካራ መብራት ለጀማሪ መከራ ነው። የኮራል መብራት አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ አብርታችሁ ነጭ ወረቀት ከሥሩ አድርጉ። ወረቀቱ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ መብራቱን ለሻጩ መልሱት።

የኮራል መብራት ለማን ነው?

ጠንካራና ሰማያዊ የሆነበት ምክንያት አለው። ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ ግን ጥቃቅን አልጌዎች ተዳብለው ይኖራሉ። በብርሃን ምግብ ሠርተው ለባለቤቱ ያካፍሉታል፤ ብዙ ኮራሎች ዋና ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከእነሱ ነው። ቤት ኪራይ በምግብ እንደሚከፍል ተከራይ በሉት። ጥርት ባለ የባሕር ውሃ ውስጥ ቀዩ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ተውጦ ይቀራል፤ ወደ ታች የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። ተከራዮቹም ለዚያ ብርሃን የተሠሩ ናቸው። ለዚህ ነው የኮራል መብራት ከ420 እስከ 460 ናኖሜትር ባለው ሰማያዊ ላይ የሚያተኩረው። ኮራሉ ላይ ያሉት አረንጓዴና ብርቱካን ቀለሞች በዚህ ብርሃን ሥር ያበራሉ።

ብርሃኑ በድንገት ሲበዛ ወይም ውሃው ሲሞቅ ኮራሉ ተከራዮቹን ያስወጣል፤ ነጭ ይሆናል፤ ካልተመለሱለት ይራባል። ብርሃን ሲያንሰው በተቃራኒው ብዙ ተከራይ ያበዛና ቡናማ ይሆናል፤ ወደ ላይም ይሳባል። ስለዚህ ኮራል ያለው ሰው መብራቱን በግማሽ ጉልበት ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ይህን ልማድ ለተክልም ሰርቄዋለሁ፤ ይሠራል።

አንድ ወጣት ጎረቤቴ «ጋሽዬ፣ መብራቱ ካለህ ለምን ኮራሉን አናመጣም?» አለኝ። ምኞቱ ክፉ አይደለም። ግን እንቁጠር። ጨው ማለት የወጥ ጨው አይደለም፤ ለዚሁ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ወደ 35 ግራም ይገባል፤ ውሃ በቀየርን ቁጥር እንደገና ይገዛል። ውሃውም የተጣራ መሆን አለበት። ድንጋያማ ኮራሎች ከአገር አገር ሲዘዋወሩ በዓለም አቀፍ ስምምነት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ መብራት ለአንድ ቀን ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ኮራል የቆመ ውሃ አይወድም። ጀነሬተር ወይም በቂ ባትሪ ያለው ሰው ከለስላሳዎቹ፣ ከ50 እስከ 100 ፓር ከሚበቃቸው ይጀምር። የሌለው ከአኑቢያስ ጋር ይስማማ። ጎረቤቴ አሁን ሦስት አኑቢያስ አለው።

ስንት ሰዓት? መብራት ሲሄድስ?

አዲስ ሳጥን በቀን 6 ሰዓት ይበቃዋል። አልጌ ካልታየ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ እስከ 8 ድረስ ሂዱ። ከዚያ በላይ ምን እንደሚጠቅም እስካሁን አላየሁም። የሚበራበትን ሰዓት የምትመርጡት ደግሞ እናንተ ቤት በምትሆኑበት ጊዜ ነው። እኔ ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው የማበራው። ከሥራ ገብቼ፣ ቡና እየጠጣሁ የማየው እኔ ነኝ፤ ሰው በሌለበት ቤት ቀኑን ሙሉ ማብራት ለማን ነው?

ታይመር፣ ማለትም መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ግዙ። ግን ዓይነቱን ለዩ። በእጅ የሚዞረው መካኒካል ታይመር መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ ይህ በሳምንት ውስጥ ተጠራቅሞ ምን እንደሚያደርግ ገምቱ። የኔ አንድ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በራልኝ፤ ሌባ የገባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ነው የተነሣሁት። ውስጡ ትንሽ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ሰዓቱን አይረሳም። ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እሱን ውሰዱ።

መብራት በመጥፋቱ ተክሉ ይሞታል ብላችሁ አትጨነቁ። አንድ ሁለት ቀን ጨለማ አይጎዳውም። እንዲያውም አልጌ ሲያስቸግር ሳጥኑን ሦስት ቀን በብርድ ልብስ መሸፈን የታወቀ ዘዴ ነው። የሚያሳስበው ብርሃኑ ሳይሆን አየሩ ነው። ተክል በጨለማ ኦክስጅን አይሰጥም፤ እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ተክልና ዓሣ በጣም የበዛበት ሳጥን ካላችሁ በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ አስቀምጡ። ወይም በየጊዜው በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከላይ አፍስሱ። ያመለጠውን የብርሃን ሰዓት ለማካካስ ብላችሁ ግን ሌሊቱን አታብሩ። ሰዓቱ ይለፍ።

ሳጥኑ ራሱ ይናገራል

ቁጥር ጥሩ ነው፤ ቅጠሉን ማየት ግን ይበልጣል። ግንዱ ቀጥኖ ከረዘመ፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ፣ የታችኛው ቅጠል ከረገፈ ብርሃን አንሶታል። አምፖሉን 5 ሴንቲ ሜትር አውርዱ፤ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። አረንጓዴ ፀጉር ከበቀለ፣ ውሃው ደፍርሶ አረንጓዴ ከሆነ፣ የአኑቢያስ ቅጠል ላይ ትንንሽ ጠንካራ አረንጓዴ ነጥቦች ከታዩ በዝቶበታል። መጀመሪያ ሰዓቱን ቀንሱ፤ ካልበቃ አምፖሉን ከፍ አድርጉ። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ያረጁ ቅጠሎች ላይ ቀዳዳ ከታየ ግን ብዙውን ጊዜ የብርሃን ሳይሆን የፖታሲየም ማነስ ነው።

ብርሃኑ በዝቶ መቀነስ ካልቻላችሁ ጥላ ፍጠሩ። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ጥሩ ጃንጥላ ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ እምቦጭ ይዛችሁ እንዳትመጡ። አበባው ያምራል፤ አውቃለሁ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. 2011 አካባቢ ጀምሮ ዓሣ አጥማጁንም ገበሬውንም ሲያሰቃይ ነው የኖረው። ሳጥን ውስጥ ብርሃኑን በሙሉ ይዘጋል፤ ተርፎ ሲጣል ደግሞ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ይኸው ነገር ለራሳችን ተክሎችም ይሠራል። መካከለኛ ብርሃን ከመረጣችሁ በየሁለት ሳምንቱ የምትቆርጡት ቅጠል አለ። ሆርንዎርት ከአንዲት ቁራጭ ተነሥቶ እንደገና ይበቅላል። ስለዚህ ቆሻሻ ውሃ መውረጃ ውስጥ፣ ዓባይ ዳር ወይም ሐይቁ ላይ አትጣሉት። እኔ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ አስመታዋለሁ። ሲደርቅ ጓሮ ካለችው ሎሚ ሥር ይገባል።